እጁ አይከፈትም

ሥራ የጀመርኩ ዕለት መጀመሪያ የታተመው የራሴ እጅ ነው። ኃላፊያችን አቶ ታረቀኝ መስታወቱ ላይ ጥቁር ቀለም ጠብ አደረገ፣ በሮለር እስኪሳሳ ዳመጠው፣ ከዚያ አንጓዬን ያዘና «ልቀቂው» አለኝ። የለቀቅኩት መስሎኝ ነበር። «አልለቀቅሽውም። የራስሽ እንዳልሆነ አስቢ» አለኝ። አሥሩን ጣቶቼን አንድ በአንድ፣ ከጥፍር ጠርዝ እስከ ጥፍር ጠርዝ አንከባለላቸው።

ከካርዱ ጀርባ ሙሉ መዳፍ ይታተማል። የመዳፍ መሃል ጎድጓዳ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ነጭ ሆኖ ይቀራል። እንዳይቀር በእጁ ጀርባ በኩል በአውራ ጣት ጫን ይደረጋል። ያን ዕለት የተጫነኝ አውራ ጣት ምን ያህል ይከብድ እንደነበር አሁንም አውቃለሁ።

በአሻራ ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሠራሁ። ከፒያሳ ብዙም ሳይርቅ፣ ሐዋሳ ውስጥ ነው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጽፍም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። ከወንጀል ነፃ ነው የሚል ወረቀት የሚፈልግ ሁሉ በእኔ እጅ አለፈ። የግንበኛ ጣት በሲሚንቶ ተልጦ መስመሩ ይጠፋል፤ እጁ ታጥቦ፣ ቅባት ተቀብቶ በማግስቱ ይመለሳል። ዓሣ የሚበልቱ ሴቶች ጣታቸው በጭረት የተሞላ ነው፤ ቀለም ይበዛባቸዋል። ሥራው ሲያልቅ እጅ በነጭ ጋዝ ይጠረጋል፣ በሳሙና ይታጠባል። ዛሬ በማሽን የምትሠሩ ይህን ሁሉ አላያችሁም። የምጽፈው ለእናንተ ነው።

የክፍሉ ኃላፊነት ሁለት ጊዜ ክፍት ሆነ። ሁለቱንም ጊዜ እኔ ላሠለጠንኩት ወንድ ተሰጠ። አቶ ታረቀኝ ያን ጊዜ ወደ በላይ አለቃነት አድጓል። ቢሮው ገብቼ ብጠይቀው የሴት እጅ ለቀለም እንጂ ለማኅተም አይሆንም አለኝ፤ አጠገቡ የነበሩትም ሳቁ። እሱን አንቱ ብዬ የማልጽፈው ረስቼ አይደለም።

በአሥራ አንደኛው ዓመቴ አቶ ዱካሞ የሚባሉ ሰው መጡ። ሃምሳ ገደማ ይሆናቸዋል፤ ረጅም ናቸው፣ ኮታቸው ንጹሕ። ሐይቅ ዳር ባለ አንድ ሆቴል የጥበቃ ሥራ አግኝተው የእኛን ወረቀት ብቻ ነው የሚጠብቁት። አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ነው። አማርኛውን እየመረጡ ቀስ ብለው ይናገራሉ፤ ማንበብ ግን አይችሉም። ቀኝ እጃቸውን ስይዝ የቀለበት ጣታቸውና ትንሿ ጣታቸው ወደ መዳፋቸው ታጥፈዋል።

«ይልቀቁት» አልኳቸው።

«እኔ ለቅቄያለሁ፣ እህቴ። እሱ ነው የማይለቀው» አሉኝ።

መዳፋቸውን ዳበስኩት። ከቆዳው ሥር እንደ ተወጠረ ገመድ የጠነከረ ነገር አለ። የቻልኩትን ስምንት ጣት አተምኩ፣ መዳፋቸውንም አተምኩ። ከሁለቱ ጣቶች ሥር ቀለም ያልነካው፣ ወደ ቀለበት ጣታቸው ጭራ ያለው ነጭ ቦታ ቀረ። ማስታወሻው ላይ «እጁ አይከፈትም» ብዬ ጻፍኩ።

አቶ ታረቀኝ ካርዱን አየና ወጥቶ መጣ። ራሱ የታጠፉትን ጣቶች ይዞ ጎተተ። አቶ ዱካሞ ግንባራቸው በላብ ራሰ፤ አልጮኹም። ጤነኛ ሰው እጁን የሚጨብጠው የሚደብቀው ሲኖር ነው አለ። ከዚያ አዲስ ካርድ እንዳዘጋጅ አዘዘኝና የሚጻፈውን ቃል በቃል ነገረኝ፦ «እጁን አይከፍትም።»

አንዲት «ን» ተጨመረች፣ «ፈ» ደግሞ «ፍ» ሆነች። «አይከፈትም» ሲባል እምቢ ያለው እጁ ነው፤ «አይከፍትም» ሲባል እምቢ ያለው ሰውየው ነው። ጻፍኩ።

ማንበብ ለማይችል ሰው የተጻፈው ይነበብለታል፣ ከሥሩም በአውራ ጣቱ ይፈርማል። አቶ ዱካሞ ምን እንደሚል ጠየቁኝ። አቶ ታረቀኝ በሩ ላይ ቆሟል።

«እጁ አይከፈትም ይላል» አልኳቸው።

«እውነት ነው» አሉና የግራ አውራ ጣታቸውን አሳረፉ። ሲወጡ «ተባረኪ» አሉኝ።

ያዘዘኝ እሱ ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ሆቴሉ ማስታወሻው ያለበትን ወረቀት አይቶ አልቀበልም ብሎ መለሳቸው። እኛ ዘንድ ሲመጡ አቶ ታረቀኝ የፈረምክበት ነው ብሎ ሸኛቸው። ያን ክረምት ከመሥሪያ ቤታችን አጥር ውጭ፣ ከመስኮቴ ፊት ለፊት፣ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አያቸው ነበር። ቀኝ እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው፣ ፊታቸው ወደ እኔ ነው። ዝናብ ሲዘንብም አይነሡም። መስከረም ሲጠባ ቦታው ባዶ ሆነ። ዘበኛችንን እኚያ ሰውዬ የት ሄዱ ብዬ ጠየቅኩት።

«የትኛው ሰውዬ?» አለኝ።

የመጀመሪያው ካርድ፣ «ፈ» ያለበት፣ መቃጠል ነበረበት። በፖስታ አድርጌ ቤቴ ወሰድኩት። ለምን እንደወሰድኩት አልናገርም።

ጡረታ በወጣሁ በሦስተኛው ዓመት ለአዲሱ መታወቂያ ልመዘገብ ሄድኩ። ግራ እጄን መስታወቱ ላይ ሳደርግ ማሽኑ ሁለቱን ጣቶች አልቀበልም አለ። መዝጋቢዋ ልጅ «እማማ፣ ይልቀቁት እንጂ» አለችኝ።

«ለቅቄያለሁ። እሱ ነው የማይለቀው» አልኩ።

አፌ ነው የተናገረው። አገጬን ይዤ ቆምኩ። ልጅቷ የደከመኝ መስሏት ወንበር አመጣችልኝ።

ሆስፒታል ስሄድ ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ ሕመሜን ጠየቀኝ፤ እጄ ተጨብጧል አልኩት። ቀና ብሎ ሳያይ ጻፈና ወደ አንድ በር መራኝ። ከጎረምሶችና ከኮረዶች ጋር ተሰልፌ አንድ ሰዓት ተቀመጥኩ፤ ሁሉም ዓይኑን ይሰብርብኛል። ተራዬ ደርሶ ስገባ ነርሷ ወረቀቱን አይታ አፏን ያዘች። የተጻፈው «ጨብጥ» ነው። በስድሳ አራት ዓመቴ። ተመልሼ ለካርድ ጸሐፊው የሚገባውን ነገርኩት፤ ያንን እዚህ መድገም አያስፈልግም።

የአጥንት ሐኪሟ ሁለቱንም እጆቼን አገላብጣ አየች። ከቆዳው ሥር ያለው ሽፋን እየወፈረ ጣትን የሚስብ ገመድ ይሆናል አለችኝ። ግራው አልፎበታል፤ ለእሱ ቀዶ ሕክምና ነው። ቀኙ ግን ጣቱ ገና አልታጠፈም፣ እብጠቱ ብቻ ነው የጀመረው። እዚህ ደረጃ ላይ ጨረር ሊያቆመው ይችላል፤ ከታጠፈ በኋላ ግን ጨረር አይሠራም። ቀኝ እጄ የምበላበት፣ የምጽፍበት፣ በሬን የምከፍትበት ነው። ብቻዬን ነው የምኖረው።

ጨረር የሚለው ቃል ከእኔ ቀድሞ ሰፈር ደረሰ። ጎረቤቴ ወይዘሮ አስቴር ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችኝ። ካንሰር አይደለም ብላት ራሷን ነቀነቀች፣ አላመነችም። ጸለየችልኝ። ከዚያ ለሌሎቹ፣ የሰው ነገር የያዘ እጅ እንዲህ ነው የሚሆነው ማለቷን ሰማሁ። የማን ነገር እንደያዘ አልጠየቅኳትም።

የጨረር ሐኪሙ ቀጭን፣ ድካም ያለበት ሰው ነው።

«እናቴ፣ ውጭ የተቀመጡትን አይተዋል» አለኝ። «የእነሱ ይገድላል። የእርስዎ አይገድልም።»

እውነቱን ነው፤ በዚህ አልተቀየምኩትም። ከማልቀየማቸው ጥቂት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። ሕመሙ ከቆመ እንደማይነካው፣ እየባሰ ለመሆኑ ማስረጃ ካለ ግን ለባልደረቦቹ አቅርቦ ተራ ሊያስይዝልኝ እንደሚሞክር ነገረኝ። ማስረጃው ለስንት ጊዜ መሆን እንዳለበት ጠየቅኩት። ስድስት ወር አለኝ።

ማሽን ሲመጣ የተጣለውን መስታወትና ሮለር ይዤ ነበር። ከፒያሳ ቀለም ገዛሁ። ሰኞ ሰኞ ጠዋት ቀኝ መዳፌን ነጭ ወረቀት ላይ አተምኩ። ከላይ የሚጫንልኝ ሰው ስለሌለ በተጨበጠው ግራ እጄ ተጫንኩት፤ ለዚያስ ጠቅሟል። እብጠቱ ቆዳውን ወደ ውስጥ የሚስብበት ነጭ ቦታ መጀመሪያ አተር አከለ። በሁለተኛው ወር ባቄላ አከለ። ከዚያ ወደ ቀለበት ጣቴ ሥር ጭራ አወጣ።

ያ ጭራ የማውቀው ሆነብኝ። ፖስታውን አወጣሁ። የአቶ ዱካሞን ካርድና የእኔን ወረቀት ደርቤ በመስኮት ብርሃን አየሁ። የሁለት ሰው አሻራ አንድ አይሆንም፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ነው እንጀራ የበላሁት። መስመሮቹ አንድ አይደሉም። ነጩ ግን ገጠመ። ጠርዙ ከጠርዙ፣ ጭራው ከጭራው። ወረቀቱን ነቅዬ እንደገና ደረብኩት። ገጠመ።

በሚቀጥለው ሰኞ አላተምኩም።

ስድስት ወር ሲሞላ ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ሃያ አምስቱን ወረቀት በተራ ደረደርኩለት። አንድ በአንድ አያቸው። ሌላ ሐኪም ጠርቶ አሳየ። ማን እንደሠራው ጠየቀኝ፤ ሥራዬ ነው አልኩት።

«የአሥራ ሰባተኛው ሳምንት የት አለ?»

«አመመኝ» አልኩ። ዋሸሁ።

ተራ ያዘልኝ። አምስት ቀን በተከታታይ፣ ከዚያ ጥቂት ወራት እረፍት፣ ከዚያ ሌላ አምስት ቀን። የዚያን ቀን በሐይቁ ዳር በኩል ስመለስ አቶ ታረቀኝ ከዘራውን ይዞ ሲንሸራሸር አገኘሁት። እጁን ዘረጋልኝ። ግራዬን ሰጠሁት። ጡጫዬን በሁለት እጁ ይዞ ሳቀ።

«ልቀቂው እንጂ፣ ጽጌ።»

«አይከፈትም» አልኩት።

ምንም ትዝ አላለውም። ጥሎኝ ሄደ፣ ወፎቹን ሊያይ።

የመጀመሪያው ቀን ቴክኒሻኗ ቀኝ መዳፌን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝታ እብጠቱን በእስክሪብቶ ከበበችው። ከዚያ ቅጹን ሞላች። ሠላሳ አንድ ዓመት ወረቀት ያነበብኩ ነኝ፤ ፊደሉ ተገልብጦብኝም አነበብኩት። ስለ ሌላው እጄ «ግራ እጃቸውን አይከፍቱም» ይላል።

«አስተካክይው። እጃቸው አይከፈትም በይ» አልኳት።

«ያው አይደለም እንዴ፣ ማዘር?»

«አይደለም።»

ሰርዛ ጻፈችና አነበበችልኝ። ያነበበችው የጻፈችውን ነው፤ አየሁ።

«አሁን እጅዎን ይልቀቁት፣ አይነቃነቁ» አለችኝና ወጣች። ወፍራሙ በር ተዘጋ። መሣሪያው ዞሮ ከላዬ ቆመ። ጨረር አይሰማም ተብዬ ነበር፤ እንደተባለውም አልተሰማኝም። የተሰማኝ አውራ ጣት ነው። ከእጄ ጀርባ፣ ከጎድጓዳው በላይ፣ ነጭ እንዳይቀር እንደሚጫን ሰው፣ ለስላሳ ግን ከባድ። ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም። አልተነቃነቅኩም። እጄን ለቀቅኩት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል የለቀቅኩት ያኔ ይመስለኛል። መሣሪያው ሲቆም አውራ ጣቱ ተነሣ።

አሥሩም ቀን እንዲሁ ነበር። ለሐኪሙ አልነገርኩትም።

አሁን አንድ ዓመት አልፏል። ቀኝ ጣቴ አልታጠፈም። የሰኞው ወረቀት ላይ ነጩ ባለበት ቆሟል፤ ነገ ምን እንደሚሆን ሐኪሙም አያውቅም። አቶ ዱካሞ ይኖሩበት ነበር የተባለው ቀበሌ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። የሚያውቃቸው አላገኘሁም። ካርዱ እኔ ዘንድ ነው፤ ወገን ነኝ የሚል ካለ ይምጣና ይውሰድ።

በማሽን ለምትሠሩት የምለው ይህ ነው። ሰው ለቅቄያለሁ ካለ እጁን እዩ። ካልተከፈተ «አይከፈትም» ብላችሁ ጻፉ፤ በ«ፈ» ነው። ስታነቡለትም የጻፋችሁትን አንብቡለት።