የአባቴ ተረከዝ

ሕመሙ የጀመረኝ የገልባጭ መኪና ጎማ ስፈታ ነው። አየር ጤና ጎሚስታ ነኝ፤ ያኔ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ብረቱን በሙሉ ጉልበቴ ስጫን ደረቴ መሃል የሆነ ነገር ጨመደደኝና ወደ ግራ ክንዴ፣ ከዚያም ወደ መንጋጋዬ ሄደ። ቁጭ ስል ለቀቀኝ። ጨጓራ ነው አልኩ። እኛ ሰፈር ከአንገት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከመድኃኒት ቤት የጨጓራ ክኒን እየገዛሁ ዋጥኩ። ሥራ ስይዝ ይመጣል፣ ሳርፍ ይሄዳል፤ ጨጓራ እንዲህ ሥራ እየጠበቀ እንደማይመጣ ለማሰብ እንኳ አልሞከርኩም።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ግን አልለቀቀኝም። ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ። ክንዴ ደነዘዘ። ወደቅኩ። ባለቤቴ ሰናይትና አጎቴ ጋሽ መኮንን ሆስፒታል አደረሱኝ። የልብ ምት መመርመሪያውን ኢሲጂ ተነሣሁ። ሃርት አታክ ነው ተባለ።

ሐኪሟ "ከቤተሰብ በልብ ሕመም የሞተ አለ?" ብላ ጠየቀችኝ።

"የለም" አልኩ፤ የማውቀው ይህንኑ ነበር።

ጋሽ መኮንንም ከራስጌዬ ቆመው "የለም ዶክተር፤ ዘራችን ንጹሕ ነው" አሉ። ይህቺን ቃል አልረሳትም።

አንጂዮግራፊ በሚባለው የደም ሥር ምርመራ ሁለት የልቤ ደም ሥሮች ጠበው ተገኙ። ደም ሥሩን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ገባልኝ። ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎው ኮሌስትሮል ከልክ በላይ ነበር። በማግስቱ ሐኪሟ ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሬን ስታይ፣ ከተረከዜ በላይ ያለው ጅማት ላይ ዓይኗ ቀረ። ወፍራም ነው፤ ጠጣር ጉብታ አለው። እኔ ሳቅኩ። ይህ በእኛ ቤት ኩራት ነው። አባቴ ነበረው፣ አጎቴም አላቸው፤ እኔ ላይ ብቅ ሲል ዘመድ ሁሉ "ተረከዙን እዩት፣ ቁርጥ አባቱን!" ብሎ መርቆኛል።

"ዛንቶማ ይባላል" አለች። "የኮሌስትሮል ክምችት ነው። በዘር ይመጣል።"

አባቴ የሞተው በአርባ አራት ዓመቱ፣ እኔ ሃያ ሲሆነኝ ነው። ደጃፍ ላይ ቆሞ ሲያወራ ወደቀ፣ አልተነሣም። ምች መታው ተባልን፤ አመንን።

ከሆስፒታል ከወጣሁ በኋላ ሐኪሟ የላከቻት፣ የልብ ሕመምን መነሻ የምታጠና የዘረመል ኤፒዲሚዮሎጂ ባለሙያ ቤታችን መጣች። "የአንድ ሰው ደም ብቻውን ብዙ አይነግረንም" አለችን። "የብዙ ቤተሰቦች ደምና የዘር ሐረግ ጎን ለጎን ሲታይ ግን የቱ ከዘረመል፣ የቱ ከምግብ፣ ከሲጋራና ከኑሮ እንደመጣ መለየት እንችላለን።" ሰፊ ወረቀት ዘረጋች። ጋሽ መኮንን ለቤተሰቡ ጋብቻ ሁሉ ዘር ቆጣሪ ናቸውና እስከ ሰባት ቤት ሳይደናቀፉ ቆጠሩላት። በምን ሞቱ ስትላቸው ግን አንዱ በዕድሜ፣ አንዱ በምች፣ አንዱ ውኃ ወስዶት ሆነ።

እሷን ሸኝቼ ተመለስኩ። "ጋሼ፣ አባቴ በምን ሞተ?"

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። "ልቡ ነው። ያየው ሐኪም ያኔውኑ ነግሮኛል።"

"ታዲያ ለምን ደበቁን?"

"እኅቶችህ አልተዳሩም ነበር። በዘራቸው በሽታ አለ ከተባለ ማን ያገባቸዋል? አሁንስ ማሕሌቴ ልትዳር አይደል?"

ማሕሌት ልጃቸው ናት። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ በትልቅ ሰው ላይ ጮኽኩ። "ለሠርግ ሰባት ቤት ሲቆጥሩ አንድ ስም አይስቱም፤ የገደለንን ግን ዋጡት!" ተነሥተው ወጡ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ የሚመክሩት እኚሁ ሰውዬ ናቸው። ለአባቴስ መድኃኒት ላይደርስለት ይችል ነበር። እኔ ግን ከሃያ ዓመቴ ጀምሮ መድኃኒት መውሰድ እችል ነበር።

ማገገሙ ቀስ ብሎ መጣ። የኮሌስትሮል መድኃኒቴን አቶርቫስታቲንን በየቀኑ እየዋጥኩ፣ ሲጋራውንም ጮማውንም ትቼ፣ መጀመሪያ እስከ ጎረቤት በር፣ ከዚያ እስከ ታክሲ ፌርማታው፣ በሦስተኛው ወር ደግሞ እስከ አሥራ ስምንት ማዞሪያ ሳልቆም መራመድ ቻልኩ፤ ወደ ሥራዬም ተመለስኩ፣ ከባድ ጎማ ባልነካም።

አንድ ቅዳሜ ማሕሌት ጎሚስታ ቤቱ መጣች። አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀች።

"ጋሼ፣ የሠርጉ ጫማ ተረከዜ ላይ አልገባ አለኝ። አባዬ 'የቤታችን ምልክት ነው' ይለኛል። ያንተም እንዲህ ነው አይደል?"

እንዲሁ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሰኞ አብረን ሄድን፤ የደሟ ኮሌስትሮል እንደ እኔው ከልክ በላይ ሆነ። ለእጮኛዋ ራሷ ነገረችው፤ ሐኪሟ ጋም አብረው ሄዱ። ሐኪሟ መድኃኒቱን ከማዘዟ በፊት "ልጅ ስታስቡ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ያን ጊዜ መቋረጥ አለበት" አለቻቸው፤ እሱም ደብተር አውጥቶ ጻፈው። ሠርጉ አልቀረም። አጎቴ የፈሩት ሁሉ ከንቱ ነበር።

ብርድ ልብሱን ገልጣ እግሬን ያየችውን ሐኪም፣ ወረቀቷን ይዛ ሁለተኛ የተመለሰችውን ባለሙያ፣ ሰናይትን፣ ማሕሌትን አመሰግናለሁ። ጋሽ መኮንን ባለሙያዋ በተመለሰችበት ቀን መጥተው እውነቱን አስጽፈዋል፤ እሳቸውን ለማመስገን ግን ገና ነኝ።

እናንተ ደግሞ ሥራ ላይ ደረታችሁን ከያዛችሁ የጨጓራ ክኒን አትዋጡ፤ ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ታዩ። ሐኪም ስለ ቤተሰብ ሲጠይቃችሁ "የለም" ከማለታችሁ በፊት ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ፤ የለም ካሏችሁም ደግማችሁ ጠይቁ።

ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጄ ሶልያናም ተመርምራ ይኸው በዘር የሚመጣው ኮሌስትሮል ተገኝቶባታል። ተረከዟ ገና ለስላሳ ነው፤ ሐኪሟ ከአሁኑ ትከታተላታለች። ከክሊኒክ ስንመለስ ታክሲ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "አያቴ በምን ሞተ?" አለችኝ።

"በልብ ሕመም" አልኳት፣ ድምፄን ሳልቀንስ።