የተከናነበችው ንግሥት

ልጅ ሳለሁ፣ ወረርሽኙ ጆሃንስበርግን ጭር ባሰኛት ጊዜ፣ አጠገቧ ባለው ጀርሚስተን ከተማ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ቤት ተዘግተን ከረምን። እናቴ፣ እኔና የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ሎምቤቦ ነበርን። አባቴ ቶኮዛ ሰፈር ካለው፣ ስፓዛ ከሚሏት ትንሽ ሱቁ ሳይመለስ መንገድ ተዘጋበትና እዚያው ቀረ። ያኔ ታች ወታደሮች ሲያልፉ እናቴ መጋረጃውን ትስበዋለች፤ እኔም በመስኮቱ የብረት ፍርግርግ መሀል የጎረቤትን ግድግዳ ሳይ እውላለሁ።

ሲመሽ መብራት ይጠፋል። ጋሼ የላምባ ፋኖሱን ለኩሰው ከአልጋቸው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ያወጣሉ። ሥራቸው ልብስ መነገድ ነበር፤ ልባቸው ግን የጥንት የእንግሊዝ ወርቅ ሳንቲሞች ላይ ነበር። ከጨረታ አንድ አንድ እያሉ የሰበሰቧቸው ነበሩ። የፋኖሱ ጭስ ዓይኔን እየቆጠቆጠኝ፣ የቱ ከመርከብ ጋር እንደሰጠመ፣ የቱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ እንደተገኘ እንደ ተረት ሲያወሩልኝ እሰማለሁ። ከሁሉ የሚወዱት የተከናነበች አሮጊት ንግሥት ምስል ያለባትን ነበር።

«ይህቺ ለገበያ አልተሠራችም፤ ለማሳያ ብለው የማተሚያውን ቅርጽ እንደ መስታወት ወልውለው ነው የመቷት። ዳቦ ገዝታ አታውቅም» ይሉ ነበር።

ለሳንቲም ደረጃ ማውጣትንም አስተማሩኝ። ሳንቲሟን ከብርሃኑ ፊት ቀስ ብሎ ማጋደል፣ በማጉያ መነጽር ጭረት መፈለግ። አሻራ ያረፈባት ደረጃዋም ዋጋዋም ይወርዳል፤ መወልወል ደግሞ ይብስባታል። ስለዚህ በጓንት፣ ያውም ጠርዟን ብቻ። አጠገቧ ማስነጠስ እንኳ ክልክል ነበር።

አንድ ምሽት አባቴ ስልክ አላነሳም። በዋዜማው እየሳለ ነበር ያነጋገረን። እናቴ ደውላ ደውላ ሲደክማት ጫማዋን አጠለቀች።

«እኔ እሄዳለሁ።»

«በምን? ታክሲ የለ፤ መውጫ ወረቀት የለሽ» አሏት ጋሼ።

ወለሉ ላይ ዘፍ አለች። እኔ ወደ በሩ ሮጥኩና እጀታውን እነቀንቀው ጀመር። ቤቱ ውስጥ አየር ያለቀ መሰለኝ። «ክፈቱልኝ! አባዬ ጋ ልሂድ!»

ጋሼ አልተቆጡኝም። ከኋላዬ መጥተው እጄን ከእጀታው አላቀቁና መዳፌ ላይ ቀዝቃዛ ነገር አኖሩልኝ። ንግሥቲቱ ነበረች።

«ጋሼ፣ ጓንት አላደረግኩም!»

«ግድ የለም፣ ጨብጫት።»

«ትበላሻለች እኮ!»

«ትበላሽ። አባትሽ እስኪደውል አንቺ ጋ ትቆይ።»

ጨበጥኳት። በላቤ ሞቀች። እንደጨበጥኳት ጭናቸው ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሲነጋ ስልኩ ጮኸ። ትኩሳት ጥሎት አድሮ ነበር አባቴ፤ ድምፁ ሰልሏል፣ ግን እሱ ነው። እናቴ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ አለቀሰች። ጋሼ ሳንቲሟን ተቀብለው በማጉያው አዩዋት። የአውራ ጣቴ አሻራ የንግሥቲቱ ጉንጭ ላይ ታትሟል። «በቃ፣ ደረጃዋ ወርዷል» አሉና ሳይወለውሏት ወደ ሣጥኑ መለሷት።

በቀጣዩ የብርድ ወራት ጋሼን ያው በሽታ ወሰዳቸው። ለቀብር ብዙ ሰው ስለማይፈቀድ አባቴ ብቻ ሄደ፤ እኔና እናቴ ቤት ቀርተን አለቀስን። ሳንቲሞቹም አገር ቤት ሆሳዕና ላሉት ልጆቻቸው ተላኩ።

ዛሬ ከተረቶቻቸው ግማሹን ረስቻለሁ፤ የትኛው መርከብ የት እንደሰጠመ ብጠየቅ አላውቅም። «ትበላሽ» ያሉበት ድምፅ ግን አብሮኝ አለ። እንደሚወዱኝ ያወቅሁት ያኔ ነው።