ቀምሰው ያስገቡ

እርጥብ ካኪ በከሰል ካውያ ሲተኮስ የሚወጣው ሽታ ዛሬም ድንገት ሲያገኘኝ፣ አምቦ ያደግኩበት ቤት ከነክረምቱ ይመጣብኛል። እናቴ የታላቅ ወንድሜን የለሜሳን የወጣቶች ማኅበር ልብስ ቅዳሜ ቅዳሜ አጥባ፣ ዝናቡ አላደርቅ ሲላት እርጥቡን ትተኩሰው ነበር።

ለሜሳ ካኪ ከመልበሱም በፊት ታዛዥ ነበር። አባቴ ከእራት በኋላ መጽሐፍ ቅዱስ አንብቦ ሲያስጸልየን፣ ጥቅሱን ቀድሞ በቃሉ የሚወጣው እሱ ነበር፤ «እሷ ዓይኗን ገልጣ ነበር» ብሎ እኔን የሚያስገርፈኝም እሱው። የራሱ ዓይን ተጨፍኖ ከነበረ እንዴት አየኝ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፤ በቤታችን «ለምን» እና «እንዴት» የሚል ልጅ እንደ ባለጌ ይቆጠር ነበርና። አባቴ በለሜሳ ይኮራ ነበር፤ ለጎረቤት ሁሉ «ይሄ ልጅ የታዘዘውን ይፈጽማል፣ ቃል አይመልስም» ይል ነበር።

ወታደራዊው መንግሥት ቤተ ክርስቲያናችንን በዘጋበት በጋ ጸሎቱ ወደ ቤት ገባ፤ መጋረጃ ጋርደን፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገን፣ ከጥቂት ጎረቤቶች ጋር በሹክሹክታ እንዘምር ነበር። ለሜሳ ደግሞ የቀበሌው ወጣቶች ማኅበር ውስጥ ገብቶ፣ ያኔ ጥቅስ እንደሚሸመድደው አሁን መፈክር ይሸመድድ ጀመር። አንድ እሑድ በስብሰባ ላይ ሊቀመንበሩ «የደበቀ ካለ ይናገር» ሲል፣ ብድግ ብሎ የቤታችንን ጸሎት ተናገረ። ማታ ገብቶ ያንኑ ለአባቴ ነገረው፤ በድምፁ ውስጥ ጥላቻ አልነበረም።

«ተጠየቅኩ፣ ተናገርኩ አባባ። እውነቱን ተናገር ይሉኝ የለ?»

በማግስቱ ከቀበሌው መጥተው አባቴን ወስደው አሰሩት።

ክረምቱ ሲገባ ለሜሳን አባቴ የታሰረበት እስር ቤት በር ጠባቂ አደረጉት። እናቴ ጨጨብሳ ሠርታ፣ ሳህኑን በጨርቅ ቋጥራ፣ እኔን አስከትላ ሄደች። ጠዋት ከዚያው ጨጨብሳ በልቶ የወጣው ልጇ፣ ጠመንጃውን አንግቶ፣ እንደማያውቃት ሁሉ «እማማ፣ ቀምሰው ያስገቡ» አላት። ለእስረኛ መርዝ እንዳይገባ ተብሎ የወጣ መመሪያ ነበር።

«ኢልማ ኮ» አለችው፣ ቤት ውስጥ ልጄ ስትል እንደምትጠራው፤ «ጠዋት አንተም በልተኸው የለ እንዴ?»

«መመሪያ ነው» አለ፣ አለቃው የተቀመጠበትን መስኮት እያየ። ፈርቶ ነበር። እናቴ አንድ ማንኪያ አንስታ ጎረሰች፣ እሱም እስክትውጥ ጠብቆ በሩን ከፈተላት። አባቴ እስኪፈታ ድረስ በየቀኑ እንዲሁ እየቀመሰች አስገባች።

አባቴ ከስቶ፣ እያሳለ ወጣ። ለሜሳን አንድም ቀን አልወቀሰውም፤ አንዴ ብቻ ደጅ ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ለእናቴ «እንዳይጠይቅ አድርጌ የገረፍኩት እኔ ነኝ» ሲላት ሰማሁት። ብዙም ሳይቆይ ሞተ። ለእሱ ልዘን፣ ለወንድሜ ልዘን፣ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

ያ መንግሥት ወደቀ፣ ካኪውም አርጅቶ የወለል መወልወያ ሆነ። የእኔ ልጆች እራት ላይ «ለምን» እያሉ ያደርቁኛል፣ እኔም እንዲያደርቁኝ እተዋቸዋለሁ። ለሜሳ ሸምግሎ ከሚኖርበት ከእጃጂ ሊጠይቀን ሲመጣ፣ ዓይኗ የደከመው እናቴ ጨጨብሳ ታቀርብለታለች። ቂም የላትም፣ እጇ ለምዶባት ነው፤ ሳህኑን ከመስጠቷ በፊት አንድ ማንኪያ ትቀምሳለች። ወንድሜም አንገቱን ደፍቶ እስክትውጥ ይጠብቃታል።