በአሥራ ሦስት የሚወደደው ሳሙና

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስኩ አምቦ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው መሥሪያ ቤት፣ የዋጋ ቁጥጥር ጊዜያዊ ሠራተኛ ሆንኩ። ሥራዬ ሱቅ ለሱቅ እየዞርኩ በር ላይ የተለጠፈውን ዋጋ ደብተር ላይ መገልበጥ ነበር። ኃላፊዬ ገና በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነገሩኝ፤ «አውራጃ አዟል፤ ነጋዴዎቹ መመሳጠራቸውን ካረጋገጥሽ ቋሚ ትሆኛለሽ። ካላረጋገጥሽ ደግሞ፣ ያው የእናትሽ ቤት አለልሽ።» እናቴ ቤት ስድስት ሆነን የምንበላው ከእኔው ደመወዝ ነበር።

መመሳጠሩማ ዕውር ያየዋል። አንድ ቀን ጠዋት ሳሙና በየሱቁ እኩል ይጨምራል። «ለምን?» ስል፣ ሁሉም ተለማምደው እንደመጡ ሁሉ፣ «ከአዲስ አበባ ነው የጨመረው፣ እህቴ» ይሉኛል። አውቶቡስ ተሳፍሬ ጊንጪ ሄድኩ። ጊንጪ ከእኛ ይልቅ ለአዲስ አበባ ይቀርባል፤ ጭማሪው ግን እዚያ አልደረሰም። መቼም በጊንጪ አናት ላይ በርሮ አምቦ አርፎ ይሆናል።

የሦስት ወር ደብተሬን ሳገላብጥ ነው ነገሩ የገባኝ። ዋጋው የሚጨምረው ሁልጊዜ ወር በገባ በአሥራ ሦስት ነው። አንድ ሱቅ ብቻ በአሥራ አራት ይጨምራል፤ የአንድ ጴንጤ ሽማግሌ ሱቅ። ሄድኩላቸው።

«አካም፣ ኦቦ። እርስዎ አንድ ቀን የሚዘገዩት ለድሃ አዝነው ነው?»

ሳቁብኝ። «ምን አዝናለሁ፣ ኢንተላ፣ ልጄ! እኔ ጽዋ አልጠጣም። እነሱ በአሥራ ሁለት የሚካኤልን ማኅበር ይጠጣሉ፣ እዚያው ጠላው ላይ ዋጋ ይቆርጣሉ። ለእኔ ወሬው በማግስቱ ይደርሰኛል። እምቢ እንዳልል ዕቃ የሚጫንበት መኪና የእነሱ ነው።»

«ይህንን ቢሮ መጥተው ይመሰክራሉ?»

«መጀመሪያ የሚቀጥለው ጽዋ የማን ተራ እንደሆነ ጠይቂ።»

«የማን ነው?»

«የአለቃሽ።»

የኃላፊዬ! ረቡዕ ረቡዕ በውይይት ክበብ፣ ጽዋና ማኅበር ጎታች ልማድ ነው እያሉ ጉሮሯቸው እስኪደርቅ የሚያስተምሩን ሰውዬ። ለካ የደረቀውን ጉሮሮ የሚያርሱት በአሥራ ሁለት ነው።

ብልህ ሰው ዝም ይል ነበር። እኔ ሪፖርቱን በካርቦን ጻፍኩት፤ የጽዋውን ቀን፣ የተረኛውን ስም ሳይቀር። የሽማግሌውን ስም ግን አላነሳሁም። አንዱን ለአውራጃ ላክሁ፣ ሌላውን ራሴ በኃላፊዬ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩ። አነበቡና መነጽራቸውን ሁለቴ ጠረጉ።

«ይኼን ማን ነገረሽ?»

«ደብተሬ።»

«ጎበዝ ልጅ ነሽ» አሉኝ። እንደዚያ ያስፈራኝ ሙገሳ ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

ብዙ አልቆየም፣ እርምጃ ተወሰደ። ማኅበሩ ከሚካኤል ወደ ማርያም ተዛወረ፤ ሳሙናም በሃያ ሁለት መጨመር ጀመረ። እኔ ደግሞ፣ ሪፖርቴ አውራጃ ስለደረሰ በግልጽ ማሰናበቱ አልተመቻቸውምና፣ ወደ ጌዶ ተዛወርኩ። ብቻ አንድ ችግር ነበር፤ ጊዜያዊ ሠራተኛን ማዛወር ደንቡ አይፈቅድም። ስለዚህ እኔን ከአምቦ ለማባረር ሲሉ መጀመሪያ ቋሚ አደረጉኝ። ደብዳቤውን የፈረሙት ኃላፊዬ ራሳቸው ናቸው።

ሻንጣዬን ይዤ ሽማግሌውን ልሰናበት ጎራ አልኩ። አንድ ሳሙና በጋዜጣ ጠቅልለው ሰጡኝና፣ «ጌዶ ስትደርሺ» አሉኝ፣ «መጀመሪያ ጴንጤ ነጋዴ ፈልጊ።»