ፊደል ሁለት የሆነብኝ ጊዜ

የመጀመሪያው ምልክት የታየኝ የስም መጥሪያ ደብተር ላይ ነው። ጠዋት ስምንተኛ «ለ» ክፍል ገብቼ ስም ልጠራ ደብተሩን ገለጥኩ። ከመጀመሪያው ተማሪ ስም ሥር ያው ስም እንደገና ተጽፏል፤ ትንሽ ደብዘዝ ብሎ፣ ትንሽ ወደ ታች ወርዶ። በስህተት ሁለቴ የጻፍኩት መሰለኝ። ወደ ታች ስቀጥል ሁሉም ስም ከሥሩ መንታ ነበረው። ዓይኔን አሸሁ። አልጠፋም። ደብተሩን ዘጋሁና «ዛሬ የቀረ አለ?» ብዬ ልጆቹን ጠየቅኩ።

ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ወድቄ ነበር። በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወሩ መጋቢት፣ የበልግ ዝናብ የጀመረበት ሰሞን። ገርጂ ካለው ትምህርት ቤታችን ወደ ቤቴ ወደ ቦሌ ሚካኤል ስመለስ ኢምፔሪያል ሆቴል ጋ ከታክሲ ወረድኩ፤ አዳለጠኝና የጭንቅላቴ የኋላ ክፍል ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ። አልደማሁም። ግን ከወደቅኩበት ተነስቼ አንድ ሱቅ ደጃፍ እስክቀመጥ ድረስ የሆነውን አላስታውስም። ባለሱቋ ውሃ ሰጥታኝ «ስምሽ ማነው እህቴ?» አለችኝ። «ራህመት» ለማለት ዘገየሁ። ያን ጊዜውኑ ሐኪም ቤት መሄድ ነበረብኝ። እኔን ያስጨነቀኝ ግን የቀሚሴ ጭቃ ነበር። ሌላ ታክሲ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

አንድ ሳምንት ደበቅኩት። ራሴን ያመኝ ነበር። ብርሃን ይወጋኛል። ፊት ለፊት ሳይ የምስሉ መንታ ትንሽ ነው የሚርቀው፤ ወደ ታች ሳይ ግን ይብሳል። የትምህርት ቤቱን ደረጃ ስወርድ እያንዳንዱ እርከን ሁለት ጠርዝ ነበረው። የትኛውን እንደምረግጥ አላውቅም። ግድግዳውን ይዤ እወርዳለሁ። አንድ ቀን ለባለቤቴ ሻይ ስቀዳ የቀዳሁት ጠረጴዛው ላይ ነበር። ብርጭቆው ባዶውን ቆሟል።

ባለቤቴ ሸምሱ ይባላል። ቦሌ ሚካኤል ውስጥ የብረት በርና መስኮት ይሠራል። የፈሰሰውን ሻይ በጨርቅ ጠረገና ቀና ብሎ አየኝ።

«ራሂ፣ አንገትሽ ምን ሆኗል? ሰሞኑን ዘመም አድርገሽ ነው የምትሄጂው።»

«ትራስ ነው» አልኩት።

«ትራስ ሻይ ያስደፋል?»

አለቀስኩ። ከዚያ ሁሉንም ነገርኩት። በማግስቱ ሥራውን ዘግቶ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ።

የዓይን ሐኪሙ በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ነበሩ። «ሁለት የሚሆንብሽ ጎን ለጎን ነው ወይስ ላይና ታች?» አሉኝ።

«ላይና ታች።»

«አንዱን ዓይን ስትሸፍኚስ?»

ሸፍኜ አየሁ። አንድ ሆነ። ይህን ቀላል ነገር በሳምንቱ ውስጥ አንድም ቀን አልሞከርኩትም ነበር።

ቀጥለው ያልጠበቅኩትን ጠየቁ። «የቆየ ፎቶግራፍ አለሽ? ፊትሽ በደንብ የሚታይበት?» ሸምሱ ሳይጨርሱ ወጣ። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ የሠርጋችንን ፎቶ ከነክፈፉ፣ ከሳሎን ግድግዳ አውርዶ፣ በፎጣ ጠቅልሎ ይዞት መጣ። ሐኪሙ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ብርሃን ላይ አዩት። ፎቶው ላይ ጭንቅላቴ ቀጥ ብሏል። «ጥሩ ነው» አሉ። «አንዳንድ ሰው አንገቱን ማዝመሙ አብሮት የተወለደ ይሆናል። የአንቺ አዲስ ነው፤ ከመውደቁ የመጣ።»

ሲቲ ስካን አዘዙልኝ። ውጤቱ እስኪነገረኝ ድረስ ሸምሱ እጄን ይዞ አልለቀቀም። ደም መፍሰስ የለም ተባለ። «አልሐምዱሊላህ» አለ፤ ከእኔ በፊት።

ሐኪሙ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦ «ያጋጠመሽ ኮንከሽን ይባላል፤ የአንጎል መናወጥ ነው። ዓይንን ወደ ታች ከሚያወርዱት ጡንቻዎች አንዱን የሚያዘው ትሮክሊያር የሚባል ቀጭን ነርቭ ነው፤ የግራ ዓይንሽ ነርቭ ተጎድቷል። አንገትሽን ወደ ቀኝ የምታዘሚው ሁለቱን ምስል ለማገጣጠም ነው። ብዙውን ጊዜ በወራት ውስጥ ይሻላል። ካልተሻለም ሁለቱን ምስል የሚያገጣጥም፣ ፕሪዝም ያለው መነጽር አለ፣ ኦፕራሲዮንም አለ። ለጊዜው መነጽር ታደርጊያለሽ፤ አንዱን መስተዋት በፕላስተር እንሸፍነዋለን። እረፍት። ማንበብ ለጥቂት ሳምንታት የለም።»

የመጨረሻዋን ቃል ብቻ ይዤ ወጣሁ። የአማርኛ መምህርት ነኝ። ማንበብ የለም። ፊደል የማታይ አስተማሪ ምን ታደርጋለች? ባላገግምስ? ይህን ጥያቄ ለማንም አልተናገርኩም።

እረፍቴን ጨርሼ ስመለስ በአንድ ዓይንም ቢሆን ማንበብ ገና ራሴን ስለሚያመኝ ርዕሰ መምህሩ በቃል ብቻ እንዳስተምር ፈቀዱልኝ። ልጆቹ ታገሡኝ፤ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ተራ ገብተው ይጽፉልኛል። የተማሪዎቹ ድርሰት ግን ቤት ውስጥ ተከመረ። አንድ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ አንዱን አንስቼ ለሸምሱ ሰጠሁትና «አንብብልኝ፣ እኔ ነጥብ እሰጣለሁ» አልኩት።

ወረቀቱን አየው። «ሥራ አለብኝ» አለና ወጣ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ እንደማይገባ አውቃለሁ። እንዲያ ከፍቶኝ አያውቅም። በሕመሜ የሰለቸ መሰለኝ።

ብዙ ሳይቆይ ተመለሰ። ቁጭ አላለም፤ በሩ ላይ ቆመ።

«ስምንት ዓመት ሙሉ ‹ብየዳው ዓይኔን አድክሞታል፣ አንቺ አንብቢልኝ› ስልሽ አምነሽኝ ነበር?»

«አዎ።»

«ዓይኔ ደህና ነው። ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት፣ ራሂ። አነባለሁ፤ ግን እንደ ሕፃን ነው። አንቺ ደግሞ አስተማሪ ነሽ።»

የጻፍኩለት ደብዳቤዎች፣ በስጦታ የገዛሁለትና አንብቦ የጨረሰ የመሰለኝ መጽሐፍ፣ ሁሉም ትዝ አለኝ። አላዘንኩበትም። ለስምንት ዓመት ብቻውን መሸከሙ ነው ያሳዘነኝ። «እንደ ሕፃን አንብብልኝ» አልኩት። «እኔም እንደ ሕፃን ነው የማየው።»

ተቀመጠና ጣቱን ፊደሉ ላይ አሳርፎ ጀመረ። ድርሰቱ ቤታቸው አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ የሆነ ልጅ የጻፈው ነበር፤ አውሮፕላን ሲያልፍ እናቱ የጀመረችውን ቁጣ አቁማ እንደምትጠብቅና ድምፁ ሲርቅ ካቆመችበት እንደምትቀጥል ይተርካል። ሸምሱ ግማሹ ላይ ላብ በላብ ሆኖ ቆመ።

«ትንፋሽ አጠረኝ።»

«ነጠላ ሰረዙን እየዘለልክ እኮ ነው። እሱ ጋ ነው የሚተነፈሰው።»

«ይቺ ናት? እኔ እኮ ብዕሩ የተንጠባጠበ ነው የመሰለኝ!»

ከወደቅኩ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ሳቅኩ። ራሴን አመመኝ፤ ግን ሳቅኩ። ለልጁ ከአሥር ስምንት ሰጠሁት። ሸምሱ «የእናቱን ነገር እንዲህ አድርጎ ጽፎ ስምንት? ዘጠኝ ይገባዋል» ብሎ ተከራከረኝ፤ ዘጠኝ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ሲመለስ እጁን ታጥቦ አጠገቤ ይቀመጣል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እሰማለሁ፣ እሱ እያነበበ ቃል ሲከብደው እያገዝኩት፣ መጀመሪያ በቀን ሁለት ወረቀት፣ ኋላ ደግሞ አምስትና ስድስት እየጨረስን ሰኔ ደረሰ። ለዓይኔም የራሱን መላ ፈጠረ። ብረት ላይ ምልክት በሚያደርግበት ጠመኔ ግድግዳው ላይ በአግድም አንድ መስመር አሰመረ፤ ዓርብ ዓርብ አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብዬ እቆምና ሁለተኛው መስመር የት እንደሚታየኝ እነግረዋለሁ፣ እሱም ምልክት ያደርጋል። የአራት ጣት ስፋት የነበረው ሦስት ሆነ፤ ሁለት ላይ ለሳምንታት ቆሞ ሁለታችንንም ካስጨነቀን በኋላ እንደገና መጥበብ ጀመረ። ለሐኪሙ ብነግራቸው «ሕክምና አይደለም፤ ግን ጥሩ መለኪያ ነው፣ ቀጥሉ» አሉኝ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፊት ለፊት ያለው መስመር አንድ ሆነ። ወደ ታች ማየቱ ግን እስከ መስከረም ቆየ። አዲሱ የትምህርት ዓመት ከተጀመረ በኋላ ሐኪሙ ፕላስተሩን ከመነጽሬ ላይ በራሳቸው እጅ ላጡት። ቤት ገብቼ ከአዲሶቹ ተማሪዎች ወረቀት አንዱን አነሳሁ፤ ፊደሉ አንድ ነው፣ መስመሩም አንድ ነው። ሸምሱ እጁን ታጥቦ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«አሁንማ ራሴ አነባለሁ» አልኩት።

ወረቀቱን ቀስ ብሎ ከእጄ ወሰደ። «ታነቢያለሽ። ይህቺን ግን እኔ ላንብባት።»

ዛሬም በጣም ሲደክመኝ፣ በተለይ ወደ ታች ስመለከት፣ ጥላ የመሰለ ነገር ብቅ ይላል። አልደነግጥም፤ አርፋለሁ፣ ይሄዳል። ያንን ፎቶ ለጠየቁኝ ሐኪም፣ ጠመኔ ተቀብለው ለጻፉልኝ ልጆች፣ ስሜን ለጠየቀችኝ ባለሱቅ ምስጋናዬ ብዙ ነው። ለሸምሱ ያለኝን እዚህ ጽፌ አልጨርሰውም።

ጭንቅላታችሁን የተመታችሁ እንደሆነ ደም አልወጣም ብላችሁ አትናቁት። የሆነውን ካላስታወሳችሁ፣ መልስ ከዘገየባችሁ፣ ነገር ሁለት ከሆነባችሁ በዚያው ቀን ሐኪም ይያችሁ። አንድ ዓይን ሸፍናችሁ የታያችሁን ልብ በሉና ንገሯቸው። ደረጃ ላይ ድጋፍ ያዙ፤ አትፈሩ፣ ፈሪ እንዳትባሉ ብላችሁም አትሩጡ። ከሳምንት ሳምንት ለውጥ ባታዩ ተስፋ አትቁረጡ፤ የእኔም ቆሞ ነበር። የምታስታምሙ ደግሞ «ተሻለሽ?» ብላችሁ በየቀኑ አትጠይቁ፤ በሽተኛው መልስ ያጥረዋል። አጠገቡ ተቀመጡና ያቃተውን ሥራ አብራችሁት ሥሩ። ባትችሉበትም ተቀመጡ።