ማቅለሽለሹ የተመለሰላት ሴት

ከአዳማ ወደ ዱከም በሚሄደው የጠዋት ሚኒባስ አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት ሴት ሰማያዊ የፋብሪካ ጋውኗ ላይ ነጠላ ደርባለች። ሆዷ ገና ምንም አያሳይም፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ግን በሁለት እጇ ትደግፈዋለች። «ወንድሜ፣ እባክህ ጉብታው ላይ ቀስ በል» ብላ ሾፌሩን ለመነችው።

ሞጆን እንዳለፍን አስመለሳት፤ ፌስታል አውጥታ የደረሰችበት ለጥቂት ነው። ከኋላ ያሉት እያጉረመረሙ መስኮት ከፈቱ። ውሃዬን ስሰጣት ዓይኗ እንባ አቅርሮ ትስቃለች።

«ተመስገን! ከትናንት ጀምሮ ማቅለሽለሹ ትቶኝ ነበር። ስፈራ አደርኩ» አለችኝ።

«ቢተውሽ ምን ያስፈራሻል፣ ልጄ?»

ፈገግታዋ ጠፋ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ አጫወተችኝ።

«አምና የመጀመሪያዬን ሳረግዝም እንዲሁ ያቅለሸልሸኝ ነበር። አንድ ቀን ድንገት ተወኝ። ቀለለኝ ብዬ ከጓደኞቼ ጋር ቆቃ ሄጄ አሳ በላሁ፤ ስስቅ ዋልኩ። በሳምንቱ ደም ሲፈሰኝ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ጽንሱ ከሞተ ቆይቷል አሉኝ።»

«ያንቺ ጥፋት እኮ አይደለም።»

«ነርሷም እንደዚያ ብላኛለች። አምኛታለሁ።»

ዱከም ስንደርስ ረዳቱ «ፈጠን በይ!» እያለ ቢያጣድፋትም፣ የበሩን ብረት ይዛ በጥንቃቄ ወረደች። መሬት ከረገጠች በኋላ ወደ እኔ ዞር አለች።

«እሱ ሆዴ ውስጥ ሲሞት፣ እኔ እኮ እፎይ እያልኩ ነበር፣ እትዬ።»