አንድም ቀን ያልቀረችው ልጄ

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አንዲት ተማሪ በራችንን አንኳኩታ የሰባተኛ ክፍል የውጤት ካርድ አቀበለችኝ።

«ልጅዎት ዴስኳ ላይ ረስታው ወጣች» አለችኝ።

ተቀብያት አመሰገንኳት። ምን ልበላት? ልጄ ያን ሰዓት ከኋላዬ፣ ጓዳ ውስጥ፣ መጋረጃው ተጋርዶ ክፍልፋይ ትደምር ነበር። ትምህርት ቤት ከረገጠች ስምንት ወር አልፏታል።

ካርዱን እዚያው በሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። ስሙ የልጄ ነው፤ ከነአባቷ፣ ከነአያቷ። ዕድሜዋም ትክክል ነው። ሒሳብ ዘጠና አንድ፣ ከክፍሉ ሦስተኛ። የቀረችበት ቀን በሚለው ቦታ ላይ ሰረዝ ብቻ አለ። ከታች፣ የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት የወላጅ ፊርማ ባለበት መስመር ላይ፣ ሐምራዊ የጣት አሻራ ተደርጎበታል። እኔ ደብረ ማርቆስ ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሴት ነኝ፤ እንጀራዬ ብዕር ነው፣ በጣቴ ፈርሜ አላውቅም። ያም ሆኖ አውራ ጣቴ ላይ ቀለም ይኖር እንደሆነ አገላብጬ አየሁ። ይህን ማድረጌ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ዓመት ጥቅምት፣ ትምህርት ዘግይቶ በተከፈተበት ሳምንት ነው። ልጄን የሚጥል በሽታ ይጥላት ነበር። ክፍል ውስጥ ስትወድቅ ልጆቹ እየጮሁ በሩ ላይ ይጨናነቃሉ፣ አንዱ መምህር ክብሪት ጭሮ ያሸታታል፣ ሌላው ውሃ ይደፋባታል፤ እጇን የሚይዛት ግን የለም። ሰባተኛ ክፍል ከየሰፈሩ የመጡ ልጆች የሚቀላቀሉበት ነው። ልጄን ያወቋት ለአንድ ሳምንት፣ ያውም መሬት ላይ ወድቃ ነው። በሳምንቱ ዓርብ፣ አጠገቧ የምትቀመጠው ልጅ «ቦታ ቀይሩልኝ» ብላ አለቀሰች። ልጄ ቤት ገብታ ደብተሮቿን ሳጥን ውስጥ ከተተቻቸው። ሐኪሙ የሰጣት ኪኒን እስኪይዛት እኔው አስተምራታለሁ አልኩ። የከበደ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

መጀመሪያ ያማከርኳቸው ሬዲዮ ከጆሯቸው የማይለየውን ጡረተኛ ጎረቤታችንን ነበር። ፊታቸው ተለወጠ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህን ነገር ከአፍሽ እንዳታወጭው። ልጅን ቤት አስቀምጦ ማስተማር ክልክል ነው። ያሳስራል።»

«የት ሰሙት ጋሼ?»

«የታወቀ ነው!» አሉ ተቆጥተው።

ሥራ ቦታም፣ አጠገቤ ጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ የሚጽፈውን ባልደረባዬን፣ አንዲት ባለጉዳይ ጠይቃኝ ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ይቀጧታል፤ ልጇንም ሊወስዱባት ይችላሉ» አለኝ፣ ከሚጽፈው ወረቀት ቀና እንኳ ሳይል። ቀኑን ሙሉ አንቀጽ ስጠቅስ የምውል ሴት፣ የትኛው አንቀጽ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ፈራሁ፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለሰፈሩ ሰው ልጄ ደጀን አክስቷ ጋ ሄደች አልኩ። ጠዋት ጠዋት ጓጉንቸሩን ከውጭ ቆልፌባት ሥራ እሄዳለሁ፤ ብትወድቅስ እያልኩ ልቤ ተሰቅሎ ይውላል። ከቀትር በኋላ ተመልሼ አስተምራታለሁ፣ በሹክሹክታ። እያደር ሹክሹክታው ለመደብን፤ ጨው አቀብይኝ የምንባባለው ሳይቀር በሹክሹክታ ሆነ። ድምፅ አውጥታ የምታነበው ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ብቻ ነበር። በረዶ የጣለ ቀን እንግሊዝኛውን እየጮኸች ትወጣዋለች። ዝናቡ ድንገት ሲያባራ የያዘችውን ቃል መሃል ላይ ትቆርጠዋለች፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ውጭውን እናዳምጣለን።

በጥር ወር አንዲት ጎረቤቴ ከአዲስ አበባ ስትመለስ ልትጠይቀኝ ገባች።

«ልጅሽን አየኋት እኮ!» አለችኝ ገና ሳትቀመጥ። «ደጀን ላይ አውቶቡሱ ቆሞ ነው። እንዴት አምሮባታል በይ! ቁመቷ አንቺን አክሏል። በመስኮቱ ሰላም ብላኝ ‹ለእማዬ ደህና ነኝ በይልኝ› አለችኝ።»

ይህች ሴት ውሸት አታውቅም። ሳቄም ድንጋጤዬም አንድ ላይ መጣብኝ፤ በርጩማ አቀበልኳት። ስትወጣ መጋረጃው ትንሽ ተገለጠ።

«እማዬ፣ ምን ለብሳ ነበር?» አለችኝ ልጄ።

እንግዲህ ካርዱ የመጣው በዚህ ሁሉ ላይ ነው። ከልጄ ልደብቀው አስቤ ነበር፤ ግን የት ይደበቃል? ቤታችን አንድ ክፍልና አንዲት ጓዳ ናት። ወሰደችና ደጋግማ አነበበችው።

«ሒሳብ ዘጠና አንድ» አለች። «እኔ እኮ ክፍልፋይ ገና አልገባኝም።» ቆየት ብላ ደግሞ «እዚያ ያለችውን ይጥላታል?» አለችኝ።

ካርዱን ከእጇ ወሰድኩት። ለማንም ያልተናገርኩትን እዚህ ልናገር። ካርዱን መጀመሪያ ሳየው፣ ከመደንገጤ በፊት፣ ለአፍታ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድም ቀን ያልቀረች፣ ያልወደቀች፣ ሦስተኛ የወጣች ልጅ በልጄ ስም ስትኖር አየሁና ወደድኳት። የገዛ ልጄ ከጓዳ እያየችኝ ሌላዋን ወደድኩ። ክረምቱን ሙሉ ይህ ነገር ከሆዴ አልወጣም።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ መሄዴን ትቼ ወደ ትምህርት ቤቱ አመራሁ። ጉም ነበር፤ ባንዲራው አይታይም፣ የገመዱ ማንሿሿት ብቻ ይሰማል። በሩ ላይ የማውቃት አንዲት እናት አቅፋ ሳመችኝ።

«እንኳን እግዜር ማረልሽ! ፀበሉ ነው አይደል? ልጄ ሁሌ ታወራልኛለች፤ ‹ያቺ የምትወድቀው ልጅ ድና ጎበዝ ሆነች› እያለች።»

«አሜን» አልኳት። ሌላ ምን እላለሁ።

ስምንተኛ ክፍሎች ያሉበትን ሕንፃ አውቀዋለሁ። የአንዱ መስኮት መስታወቱ ተሰብሯል፤ እሱ ሥር ቆምኩ። መምህሩ ስም እየጠራ ነበር። ከዚያ የልጄን ስም ጠራ።

«አቤት!» አለ አንድ ድምፅ፤ ጥርት ያለ፣ የማይፈራ ድምፅ።

ቀና ብዬ አየሁ። በሩ አጠገብ፣ ሰባተኛ ላይ ልጄ ትቀመጥ እንደነበረው፣ በቁመት እኩያዋ የሆነች ልጅ የኮንጎ ጫማዋን አንዱን ባንዱ ላይ ደርባ ተቀምጣለች። መልኳ ልጄን አይመስልም። የደነገጥኩት ግን እዚህ ላይ ነው። ባትመስላትም ከክፍሉ አንድም ሰው ዞር ብሎ አላያትም፤ መምህሩም ምልክቱን አድርጎ አለፈ።

በእረፍት ሰዓት መምህሩን አጥር ሥር ያዝኩት። ወጣት ነው፤ አምናም የልጄ ክፍል ኃላፊ እሱ ነበር። ሲያየኝ ወዲያው አወቀኝና አመድ መሰለ።

«እትዬ፣ እርስዎን ብዬ ነው» አለኝ። ልጄ ቤት እንደቀረች ገብቶታል፤ የቀረ ተማሪ ሪፖርት ከተደረገ ወላጅ ይታሰራል ብሎ አመነ፤ ስለዚህ በየቀኑ እንደተገኘች አድርጎ ሞላላት። በወሩ ደግሞ ከቁይ ከተማ ወዲያ ካለ ገጠር አንዲት ልጅ መጣች። የመንደሯ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ሁለት ዓመቱ ነው፤ መሸኛ የሚጽፍላት የለም፣ ያለ መሸኛ ደግሞ የሚቀበላት የለም። እናቷ እግሩ ላይ ወደቀች። በልጄ ስም ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጣት፤ ካርዱ ላይ በጣቷ የፈረመችውም እናቷ ናት። ልጆቹንም «ፀበል ገብታ ድናለች፣ እንዳታስቸግሯት» አላቸው፤ አመኑት።

«የትኛው ሕግ ነው የሚያሳስረኝ?» አልኩት። እርስዎ ስለው የነበረውን ሰው አንተ ማለቴን ያወቅሁት በኋላ ነው። «አንተ አይተኸዋል?»

«እኔ ምን አውቄ! ፍርድ ቤት በር የሚውሉት እርስዎ አይደሉ?»

እውነቱን ነው፤ እውነት መሆኑ ነው ያበገነኝ። እየበገንኩ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገባሁ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው አዳመጡኝ።

«ማን ነው የከለከለው?» አሉኝ። «እናት ልጇን ቤቷ አታስተምር የሚል ወረቀት እኔ በዚህ ወንበር ላይ ስቀመጥ አንድም ቀን አላየሁም። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ የተማረችው በምን ይመዘናል ነው። ምዘናውን ወስዳ ካለፈች ስምንተኛን በግል ትፈተናለች። ግን ምዝገባው በአሥራ አምስት ቀን ይዘጋል፤ ስሟ ደግሞ ሌላ ቦታ ተመዝግቦ መገኘት የለበትም።»

ሌላ ኃላፊ ሌላ ሊለኝ ይችል እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ዓመት ሙሉ ጓጉንቸር የቆለፍኩት ማንም ያላየውን ሕግ ፈርቼ መሆኑን ያን ቀን አወቅሁ። ቤቴ ሄጄ መጋረጃውን ከነዘንጉ ነቀልኩት። ጡረተኛው ጎረቤቴ ልጄን በር ላይ ቆማ ሲያዩ አማተቡ። የተባልኩትን ስነግራቸው «እንግዲህ አዲስ የወጣ ይሆናል» አሉኝ።

የቀረው ስሟን ማስመለስ ነው። በአሥራ አምስት ቀን ካልተመለሰ ልጄ በገዛ ስሟ አትፈተንም፤ ያለፈው ዓመትም የሚቀጥለውም ለሌላዋ ይሆናል። ልጄን ይዤ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄድኩ። የክርስትና ካርዷን አሳየሁ፤ ፎቶ የለውም። ርዕሰ መምህሩ መምህሩን አስጠሩት። አጥር ሥር ሁሉንም የነገረኝ ሰው አለቃው ፊት ሲቆም ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«እኔ የማውቃት ክፍል ያለችውን ነው» አለ።

ርዕሰ መምህሩ ግራ ገባቸው። ተነስተው ሁለታችንንም መምህሩንም ወደ ክፍሉ ወሰዱን፤ ልጄን ጥቁር ሰሌዳው ፊት አቆሟት።

«ይህችን ልጅ የሚያውቃት አለ?»

ልጆቹ አዩዋት። አንድ ዓመት ፀሐይ ያልነካው ፊቷ ነጥቷል። ርዕሰ መምህሩ የልጄን ስም ጠርተው «የትኛዋ ናት?» ሲሉ፣ እጆች ሁሉ አንድ ላይ በሩ አጠገብ ወዳለችው ልጅ ተዘረጉ። ማንም አልዋሸም፤ ለእነሱ እውነቱ ይኸው ነው። ቦታ ቀይሩልኝ ብላ ያለቀሰችው ልጅ እንኳ ኋላ ተቀምጣ እጇን ዘርግታለች። ልጄ እኔን አየችኝ። እዚያ ክፍል ውስጥ ስሟን የምመሰክርላት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የእኔን ቃል ደግሞ የሚያምን የለም።

ከዚያ ጣላት።

ነጠላዬን ራሷ ሥር አድርጌ በጎኗ አስተኛኋት። ከላዬ ዴስክ ሲገለበጥ፣ በሩ ላይ ሲተረማመሱ እሰማለሁ። ከዚያ ትርምስ መሃል አንድ ልጅ «እሷ ናት!» ብሎ ጮኸ። «እሷ ናት! እሷ ናት!» አሉ ሌሎቹም፤ የልጄን ስም ከነአባቷ እየጠሩ ወደ ግቢው ወጡ። ያሳደድኩት፣ የደበቅሁት፣ የቆለፍኩበት በሽታ ምስክር ሆኖ ቆመላት። መምህሩ ግድግዳ ተደግፎ አለቀሰና ሁሉንም ተናዘዘ። በኋላ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት፤ ምላሹን የጻፍኩለት እኔ ነኝ።

ልጄ ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ ያለችኝ «አወቁኝ?» ነው።

«አወቁሽ» አልኳት። ማልቀሴን እንዳታይ ጫማዋን አስተካከልኩላት።

ክፍሉ ባዶ ቀርቷል። ያልሸሸችው አንዲት ልጅ ብቻ ናት። በሩ አጠገብ ደብተሮቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆማለች፤ ደብተሮቹ ላይ ሁሉ የልጄ ስም ተጽፏል። ርዕሰ መምህሩ እሷም ምዘና ወስዳ በራሷ ስም እንድትገባ ማመልከቻ ይቅረብ ብለው ወጥተዋል። ማመልከቻ ደግሞ ሥራዬ ነው። ዴስኩ ላይ ወረቀት ዘረጋሁና ብዕሬን ከፈትኩ።

«ስምሽ ማን ነው?» አልኳት።

የልጄን ስም ነገረችኝ። ወዲያው ደንግጣ አፏን በእጇ ያዘች። ልጄን አየች፣ ወረቀቱን አየች፤ ለማስታወስ የምትታገል ይመስል ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ቆየ። የስሙን ቦታ ባዶ ትቼ ጠበቅኳት።